በእርቃን ምስል የሚያስፈራሩ የኢንተርኔት አጭበርባሪዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሁን በዚህች ሰዓት እየተስፈራራችሁ ከሆነ ሌላውን ዝለሉና "አሁን እያስፈራራኝ ነው" ወደሚለው ጥያቄ ሂዱ።

ይህ ማጭበርበር እንዴት ነው የሚሠራው?

የማታውቁት ሰው በፌስቡክ፣ በኢንስታግራም፣ በቲክቶክ ወይም በቴሌግራም ያናግራችኋል። ወንድ ከሆናችሁ ብዙ ጊዜ የምትመጣው ቆንጆ ሴት ናት። ጨዋታው ቶሎ ይሞቃል። አንዳንዴ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ወሬው ወደ ወሲብ ይዞራል። እሷ ፎቶ ትልክና "ያንተንስ?" ትላለች። ወይም ቪዲዮ ኮል ትደውላለች፤ ስታነሱት ልብሷን የምታወልቅ ሴት ትታያለች። እሱ ቀድሞ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። በዚያው ቅጽበት የእናንተ ስክሪን እየተቀዳ ነው።

ከዚያ ጨዋታው ይገለበጣል። መጀመሪያ የራሳችሁ ምስል ይመጣል። ቀጥሎ የጓደኞቻችሁ ዝርዝር ስክሪን ሾት ይከተላል፤ እኅት፣ አጎት፣ አለቃ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛ ሁሉ ያለበት። "5 ደቂቃ አለህ። ካልላክህ ለሁሉም ይደርሳቸዋል።" ከዚያ "4 ደቂቃ"። ከዚያ "3"። ይደውላል፣ ይዘጋል፣ መልሶ ይደውላል። ጥድፊያው ሆን ተብሎ ነው። ረጋ ብላችሁ እንዳታስቡና ሰው እንዳታማክሩ ነው።

ከኋላ ያሉት እነማን ናቸው?

አብዛኞቹ ይህን እንደ መደበኛ ሥራ የያዙ ሰዎች ናቸው። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) ደጋግሞ የሚጠቅሳቸው አገሮች ናይጄሪያ፣ አይቮሪ ኮስትና ፊሊፒንስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ ናይጄሪያ ውስጥ ሆነው ይህን ሥራ የሚሠሩ ወደ 63,000 የሚጠጉ የኢንስታግራም አካውንቶችን መዝጋቱን አስታውቋል። የሚያወሩት ከእናንተ ጋር ብቻ አይደለም። በአንድ ጊዜ ከብዙ ሰው ጋር ነው፤ የሚልኩት ጽሑፍም ከአንድ ቦታ የተቀዳ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

በአማርኛ የሚያወራው፣ ቴሌብር የሚጠይቀው ደግሞ ሌላ ነው። እሱ እዚሁ አገር ሊሆን ይችላል። ሰፈራችሁን፣ ትምህርት ቤታችሁን፣ የቤተሰባችሁን ስም ጠቅሶ ያስፈራራል። የበለጠ ያስደነግጣል፤ ግን ለመያዝም የቀረበ ነው።

ሐሰተኛ አካውንትን በምን ልለይ?

ቸኮል ማለቱ ትልቁ ምልክት ነው። ገና ሰላም ከመባባላችሁ "ወደ ዋትስአፕ እንሂድ" ወይም "ቴሌግራምህን ስጠኝ" ካለ ተጠራጠሩ። ቪዲዮ ኮል ላይ ድምፅ ከሌለ፣ "ማይኬ ተበላሽቷል" ከተባለ፣ ከንፈርና ንግግር ካልገጠሙ ወዲያው ዝጉት። ፎቶዋን በጉግል ሌንስ ፈልጉት፤ ብዙ ጊዜ የሌላ አገር ሞዴል ሆና ትገኛለች።

የጋራ ጓደኞች ስላሏችሁ ብቻ አትመኑ። አጭበርባሪው እናንተን ከማናገሩ በፊት ጓደኞቻችሁን ሪኩዌስት ልኮ ይጨምራል፤ ከእነሱ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ የሚቀበል አይጠፋም። እንዲያውም አንዳንዴ አካውንቱ የእውነተኛ ሰው ይሆናል፣ የተጠለፈ።

"ግራ እጅሽን ጆሮሽ ላይ አድርጊ" ብሎ መሞከር ድሮ ጥሩ ዘዴ ነበር። ዛሬ ፊትን በቀጥታ የሚቀይር ሶፍትዌር ስላለ ፈተናውን ያለፈ ሁሉ እውነተኛ ነው ማለት አይቻልም። የወደቀ ግን በእርግጥ ሐሰተኛ ነው።

ቀድሜ ምን ምን ላስተካክል?

ከሁሉም በፊት የፌስቡክ የጓደኞች ዝርዝራችሁን ደብቁ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዝርዝሩን ማን ማየት ይችላል በሚለው ላይ "እኔ ብቻ" የሚለውን ምረጡ። ኢንስታግራምን ፕራይቬት አድርጉ። አጭበርባሪው የሚያስፈራራችሁ በምስሉ ብቻ አይደለም፣ በሰዎቻችሁ ስም ነው። ስሞቹን ካላገኘ ዛቻው በግማሽ ይሞታል።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ፕራይቬሲ ውስጥ ገብታችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያየው አድርጉ፤ ግሩፕ ውስጥ ሊያስገቧችሁ የሚችሉትም ኮንታክቶቻችሁ ብቻ ይሁኑ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ።

"እርቃን ፎቶ አትላኩ" ማለት ይቀላል። በፍቅር ያሉ፣ በተለይ አንዱ እዚህ አንዱ ውጭ የሆኑ ሰዎች ይላላካሉ፤ ይህን ማንም ያውቃል። የምትልኩ ከሆነ ፊት፣ ጠባሳ፣ ንቅሳትና የቤታችሁ ዕቃ አይታይ። ቪዲዮ ኮል ከሆነ ፊትና እርቃን በአንድ ስክሪን ላይ አይገናኙ። ለማታውቁት ሰው ግን ይህም አይመከርም።

ኢሜይል መጣልኝ። "በካሜራህ ቀርጬሃለሁ፣ ቢትኮይን ላክ" ይላል። እውነት ነው?

አይደለም። ይህ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚሊዮኖች የሚበተን አንድ ዓይነት ደብዳቤ ነው። የብልግና ድረ ገጽ ስታዩ ካሜራችሁን ከፍቼ ቀርጫለሁ ይላል። ምንም የቀረጸው ነገር የለም። ቢኖረው ኖሮ ናሙናውን ይልክላችሁ ነበር።

ሰውን የሚያስደነግጠው ደብዳቤው ውስጥ የድሮ ፓስወርዳችሁ መገኘቱ ነው። እሱ ከዓመታት በፊት ከአንድ ድረ ገጽ ተሰርቆ የተሸጠ ነው፤ ለምሳሌ ሊንክድኢን በ2012 (እ.ኤ.አ.) ከተዘረፈው ውስጥ። ያንን ፓስወርድ አሁንም የምትጠቀሙበት ቦታ ካለ ዛሬውኑ ቀይሩት። ከራሳችሁ አድራሻ የተላከ ቢመስልም አትደንግጡ፤ የላኪን ስም አስመስሎ መጻፍ ቀላል ነው። አሜሪካ ያላችሁ በ2024 የቤታችሁ ፎቶ ያለበት ዓይነት ደርሷችሁ ሊሆን ይችላል። ፎቶው ከጉግል ካርታ የተወሰደ ነው። አትመልሱ፣ ስፓም ብላችሁ ጣሉት።

አሁን እያስፈራራኝ ነው። ምን ላድርግ?

አትክፈሉ። አትለምኑ። አትሳደቡ። "እባክህ እናቴ ታማለች" ብላችሁ ብትጽፉ እሱ የሚያነበው ሌላ ነገር ነው፦ ይህ ሰው ፈርቷል፣ ይከፍላል። ቆጠራውም ውሸት ነው። 5 ደቂቃው ካለፈ በኋላ ሌላ 5 ደቂቃ ይሰጣችኋል።

ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት ማስረጃ ያዙ። ይህ በተለይ ቴሌግራም ላይ አጣዳፊ ነው፤ እዚያ አንዱ ወገን ንግግሩን በሙሉ ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። ስክሪን ሾት አንሱ። ዛቻው፣ የጠየቀው ገንዘብ፣ ላክልኝ ያለው የቴሌብር ወይም የባንክ ቁጥርና ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ ይታይ። ከዚያ ፕሮፋይሉን ክፈቱና የተጠቃሚ ስሙን፣ ስልኩ ከታየ ስልኩን ያዙ። ፌስቡክ ከሆነ የፕሮፋይሉን ሊንክ ኮፒ አድርጉ፤ የሚታየውን ስም በደቂቃ ሊቀይረው ይችላል። ስክሪን ሾት የማያስነሳ ሲክሬት ቻት ከሆነ በሌላ ስልክ ፎቶ አንሱት። የራሳችሁ እርቃን ምስል ማስረጃው ውስጥ መግባት የለበትም። ዛቻው ይበቃል።

አሁን ሪፖርት አድርጉና ብሎክ አድርጉት። በሌላ ቁጥር ይመጣል፤ እሱንም ስክሪን ሾት አንሱና ብሎክ አድርጉ። አካውንታችሁን ለጥቂት ቀናት ዝጉት፣ ግን አታጥፉት፤ ማስረጃው አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ለአንድ ሰው ንገሩ። ለሁሉም አይደለም፣ ለአንድ። ታላቅ ወንድም፣ የልብ ጓደኛ፣ አክስት፣ የምታምኑት ይሁን። ስልካችሁን ለሁለት ሰዓት ያ ሰው ቢይዝላችሁ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ያንን ሁሉ መልእክት ብቻችሁን እያነበባችሁ አትደሩ።

"ራሴን ባጠፋ ይሻላል" የሚል ሐሳብ ከመጣባችሁ ሌላውን ሁሉ ተዉትና አጠገባችሁ ያለውን ሰው አሁኑኑ ቀስቅሱ፣ ወይም ሐኪም ቤት ሂዱ። አሜሪካ ከሆናችሁ 988 ደውሉ። ይህ ሐሳብ በዚህ ማጭበርበር የተያዙ ብዙ ሰዎችን የሚፈትን ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ደግሞ ይቀላል።

ብከፍል አያቆምም?

አያቆምም። 2,000 ብር የላከ ሰው 5,000 ሊልክ ይችላል ብሎ ያስባል፤ እውነቱን ነው። ከላካችሁ በኋላ "የአለቃዬ ድርሻ ቀርቷል"፣ "ይህ የማጥፊያ ክፍያ ብቻ ነው" ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ አንድ የ17 ዓመት ልጅ በኢንስታግራም ሴት ልጅ ነኝ ባለ አካውንት ተያዘ። 1,000 ዶላር ጠየቁት። 300 ላከ። ተጨማሪ ጠየቁት፣ ዛቻውም ቀጠለ፤ ልጁም በዚያው ሌሊት ሕይወቱን አጣ። ከሌጎስ ሆነው ያንን አካውንት ይዘው የነበሩት ሁለት ወንድማማቾች ለአሜሪካ ተላልፈው ተሰጡ። በመስከረም 2024 እያንዳንዳቸው 17 ዓመት ከ6 ወር ተፈረደባቸው። ከሌጎስ እስከ ሚሺጋን ተከታትሎ የሚደርስ ሕግ አለ ለማለት ነው የምጠቅሰው። መክፈል እንደማያስቆማቸውም ያሳያል።

ከፍያለሁ እኮ። አሁንስ?

አሁን አቁሙ። የከፈላችሁት ከእንግዲህ እንድትከፍሉ አያስገድዳችሁም። በቴሌብር ከሆነ 127፣ በንግድ ባንክ ከሆነ 951 ወዲያው ደውሉና ተጭበርብሬያለሁ በሉ። የግብይት ቁጥሩን ያዙ። ገንዘቡ ይመለሳል ብዬ ቃል አልገባላችሁም፤ ተቀባዩ ወዲያው አውጥቶት ሊሆን ይችላል። ግን ቁጥሩና የተቀባዩ ስም ለፖሊስ ከማንኛውም ስክሪን ሾት የበለጠ ይጠቅማል። አካውንት የተከፈተው በመታወቂያ ነዋ።

የሞባይል ካርድ ቁጥር ልካችሁ ከሆነ ካርዱን አትጣሉት። ውጭ ያላችሁ የስጦታ ካርድ ከሰጣችሁ ካርዱን ላወጣው ድርጅት ደውሉ፤ ሒሳቡ ገና ካልተነካ ሊያግዱት ይችላሉ። በክሪፕቶ የሄደ ገንዘብ መመለሱ በጣም ከባድ ነው።

በእርግጥ ይለቅቀዋል? ቢለቅቀውስ?

ከላይ ያዙልኝ ያልኩት እዚህ ነው የሚጠቅመው። የውጭዎቹ አጭበርባሪዎች በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ይዘዋል። የማይመልስላቸውን ሰው ትተው ወደሚመልሰው ይሄዳሉ። ምስሉን ከለቀቁት ደግሞ የሚያስፈራሩበት ነገር ያልቃል፤ አካውንታቸውም ሪፖርት ተደርጎ ይዘጋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ አይለቁም። ብዙ ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም። አንዳንዶቹ ለሁለት ለሦስት ሰው ልከው ያስደነግጣሉ።

ይህን ከፈራችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ዝርዝሩ ውስጥ ላሉት ቅርብ ሰዎች አጭር መልእክት ይበቃል፦ "አጭበርባሪ በኔ ስም የተሠራ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ሊልክላችሁ ይችላል። አትክፈቱት፣ ሪፖርት አድርጉት፣ ብሎክ አድርጉት።" ማብራራት አይጠበቅባችሁም። ከደረሳቸውም በኋላ የሚያወሩት ከምትፈሩት ያነሰ ነው። ሰው ይደነግጣል፣ አንድ ሳምንት ያማል፣ ከዚያ ሌላ ወሬ ይመጣል። አንገት ያስደፋል፣ አልክድም። ሕይወት ግን አያቆምም።

ምስሉ እንዳይሰራጭ ማድረግ ይቻላል?

በከፊል ይቻላል፣ በነጻ። ዕድሜያችሁ 18 ከሞላ "ስቶፕ ኤንሲአይአይ" የሚባል የእንግሊዝ አገልግሎት አለ፤ ምስሉ ላይ ስትታዩ 18 ካልሞላችሁ ደግሞ በአሜሪካ የሕፃናት ማዕከል የሚመራው "ቴክ ኢት ዳውን" አለ። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ዘዴ ነው። ምስሉ ከስልካችሁ አይወጣም። ስልኩ ላይ እንዳለ ከምስሉ የቁጥር አሻራ ይሠራሉ፤ ለፌስቡክ፣ ለኢንስታግራም፣ ለቲክቶክና ለሌሎች አባል ድርጅቶች የሚልኩት ያንን አሻራ ብቻ ነው። ያ ምስል እነሱ ላይ ሲለጠፍ ተለይቶ ይታገዳል።

ጉድለትም አለው። አባል ያልሆኑ መድረኮች ላይ አይሠራም፤ ከስልክ ወደ ስልክ ተቆልፎ የሚሄድ የግል መልእክትንም አያይም። ምስሉ እጃችሁ ላይ ከሌለ ደግሞ አሻራ መሥራት አይቻልም። ስለዚህ አጭበርባሪው የላከላችሁን ኮፒ በድንጋጤ አታጥፉት።

ምስሉ ከተለጠፈ በየመድረኩ "ያለ ፈቃዴ የተለጠፈ እርቃን ምስል" የሚለውን የሪፖርት ዓይነት ምረጡ፤ ከተራ ሪፖርት ቶሎ ይታያል። አሜሪካ ውስጥ በግንቦት 2025 የወጣው ሕግ መድረኮች እንዲህ ያለውን ምስል ጥያቄ በቀረበ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያወርዱ ያስገድዳል። ጉግልም ስማችሁ ሲፈለግ የሚመጣ እንዲህ ያለ ምስል ከፍለጋ ውጤቱ እንዲወጣ የሚጠየቅበት ቅጽ አለው።

ፎቶው የኔ አይደለም። ፊቴን ቆርጠው በኤአይ ነው የሠሩት። ማን ያምነኛል?

ይህ እየበዛ ነው። ኤፍቢአይ በሰኔ 2023 ያስጠነቀቀው ከፌስቡክና ከኢንስታግራም በተወሰደ ተራ ፎቶ እርቃን ምስል እየተሠራ ሰዎች እንደሚስፈራሩ ነው። ምንም ያልላከ ሰውም ሊያዝ ይችላል ማለት ነው። የሠርግ ፎቶ ይበቃቸዋል።

የምታደርጉት ከላይ ከተባለው አይለይም፦ ማስረጃ፣ ሪፖርት፣ ብሎክ፣ አለመክፈል። አንድ የሚጨመር ነገር አለ። ፊታችሁ የተወሰደበትን ኦሪጅናል ፎቶ ፈልጉና አስቀምጡት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ የፊቱ አቅጣጫና ብርሃኑ አንድ ይሆናል፤ ይህን ያየ ሰው ክርክር አያበዛም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ፖሊስ ጋ ብሄድ እኔው አልከሰስም?

ሕጉ የሚከሰው አስፈራሪውን ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ቪዲዮ ወይም ምስል አሰራጫለሁ ብሎ ሰውን ወይም ቤተሰቡን ያስፈራራን ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ከሆነ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣዋል። የሰውን ክብር የሚያጎድፍ ምስል ማሰራጨትም እዚያው አንቀጽ ውስጥ አለ። ተጎጂው ሕፃን ከሆነ አንቀጽ 12 ይመጣል፤ ቅጣቱም ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። አስፈራርቶ ገንዘብ መቀበል ደግሞ በወንጀል ሕጉም ያስቀጣል።

አዲስ አበባ ከሆናችሁ 991 ደውሉ ወይም ቅርብ ወዳለው ጣቢያ ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ። ጠረጴዛው ጋ ያለው ሰው "ለመሆኑ ለምን ላክሽለት?" ብሎ ሊጀምር ይችላል። ይህ የሕግ ጥያቄ አይደለም፤ መመለስም አይጠበቅባችሁም። "የመጣሁት በዛቻና በገንዘብ መጠየቅ ወንጀል ላመለክት ነው" በሉ። የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ የሚያየው ክፍል ጋ አገናኙኝ ማለት ይቻላል። ስክሪን ሾቶቹን አትማችሁ ውሰዱ፤ ስልካችሁን እያቀባበሉ እንዲያዩ አያስፈልግም።

ዓረብ አገር ነው ያለሁት። ወረቀቴም የተስተካከለ አይደለም። ማመልከት እችላለሁ?

ሕጉ እዚያም ጠንካራ ነው። ሳዑዲ ውስጥ በኢንተርኔት ማስፈራራት እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ያስቀጣል። ኤምሬትስ ውስጥ በ2021 የወጣው የሳይበር ሕግ እስከ 2 ዓመት እስራትና ከ250,000 እስከ 500,000 ድርሃም ይቀጣል፤ ዛቻው ክብርን የሚነካ ከሆነ እስራቱ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። ዱባይ ፖሊስ የሳይበር ወንጀል የሚመዘገብበት የራሱ ገጽ አለው። አቡ ዳቢ ውስጥ ለማመልከት የሚደወልበት 8002626 አለ፤ አማን ይባላል። ሳዑዲ ውስጥ ኩሉና አምን በሚባለው መተግበሪያ ማመልከት ይቻላል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። በእነዚያ አገሮች እርቃን ምስል መላክ ራሱ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። እንዲህ ያላችሁ በቀጥታ ጣቢያ ከመሄዳችሁ በፊት ከኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ፣ ወይም ከጠበቃ ጋር ተነጋገሩ። አስፈራሪው ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆነ አገር ቤት ያለ ዘመድ በውክልና እንዲያመለክት ማድረግ አንድ መንገድ ነው። በዚህ መሀል ማስረጃ መያዝ፣ አለመክፈልና ከላይ ያልኩትን የምስሉን የቁጥር አሻራ መሥራት የማንንም ፈቃድ አይጠይቁም። አሠሪ ወይም የአሠሪ ዘመድ ከሆነ የሚያስፈራራው፣ ማስረጃውን ከዚያ ቤት ውጭ ላለ ለምታምኑት ሰው ልካችሁ አስቀምጡ። ስልክ ይነጠቃል።

አሜሪካ፣ እስራኤል ወይም እንግሊዝ ብሆንስ?

አሜሪካ ውስጥ ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል ማዕከል በኦንላይን ማመልከት ይቻላል፤ ተጎጂው ልጅ ከሆነ ለሕፃናት ማዕከሉ በ1-800-843-5678 ይደወላል። እስራኤል ውስጥ ለልጆችና ለወጣቶች 105 አለ፤ ፖሊስ 100 ነው። እንግሊዝ ውስጥ ፖሊስ 101 ነው። ቋንቋ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

"ቪዲዮውን እናጠፋልሃለን" የሚል ሰው ቴሌግራም ላይ አገኘሁ። ልክፈለው?

አትክፈሉ። ይህ ሁለተኛው ዙር ነው። "ሃከር ነኝ፣ ስልኩ ውስጥ ገብቼ አጠፋዋለሁ" የሚለው ሰው አንዳንዴ ያው የመጀመሪያው አጭበርባሪ ነው። ኤፍቢአይ በ2023 ያስጠነቀቀው ፈቃድ ያላቸው የሚመስሉ፣ በሺህ ዶላር የሚያስከፍሉ ድርጅቶችንም ነው። የሚሠሩት ነገር ካለ እናንተ በነጻ የምታደርጉትን ሪፖርት ነው።

ሕንድ ውስጥ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ከቪዲዮ ኮሉ ማግስት "ፖሊስ ነኝ፣ ልጅቷ ከሳሃለች፣ ፋይሉን እንድዘጋልህ ላክ" ብሎ የሚደውል ይመጣል። ፖሊስ በዋትስአፕ ደውሎ ገንዘብ አይጠይቅም። ይህ ዘዴ በአማርኛም ቢመጣ አይግረማችሁ።

ልጄ ላይ ነው የደረሰው። ምን ልበለው?

መጀመሪያ የምትሉት ነገር ከሁሉም ይበልጣል። "ደህና ነህ፣ አብረን እንጨርሰዋለን" በሉት። "ምን ሠራህ!" የሚለው ቃል ከአፋችሁ ከወጣ ልጁ ቀሪውን ታሪክ ይደብቃችኋል፤ የከፈለውንም አይነግራችሁም። በኤፍቢአይ መረጃ ገንዘብ የሚጠየቁት ልጆች በብዛት ከ14 እስከ 17 ዓመት ያሉ ወንዶች ናቸው። ወንድ ልጅ ስለሆነ አያሳስበኝም የሚል ወላጅ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከጥቅምት 2021 እስከ መጋቢት 2023 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ቢያንስ 12,600 ልጆች ተጠቅተዋል፣ ቢያንስ 20ዎቹም ራሳቸውን አጥፍተዋል። የዚያን ቀን ማታ ልጁን ብቻውን አታስተኙት።

ስልኩን መንጠቅ ቅጣት ይመስለዋል። ይልቅ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ዛቻውን ስክሪን ሾት አንሱ። ምስሉን ግን ለአባት፣ ለአጎት፣ ለመምህር፣ ለማንም አታስተላልፉ። የሕፃን እርቃን ምስል ነው፤ ለማስረጃ ብላችሁም ቢሆን ማዘዋወር እናንተን ያስጠይቃል። ለፖሊስ ስልኩ ላይ እንዳለ ይታያል።

የሚያስፈራራኝ የማውቀው ሰው ነው። የቀድሞ ፍቅረኛዬ። ምክሩ ያው ነው?

ግማሹ ያው ነው፣ ግማሹ አይደለም። የማያውቃችሁ አጭበርባሪ ገንዘብ ነው የሚፈልገው፤ ዝም ስትሉት ይሰለቻል። የቀድሞ ፍቅረኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈልገው እናንተን ነው፦ እንድትመለሱ፣ እንድትገናኙት፣ አብራችሁት እንድትተኙ፣ ወይም ማፈር። ዝምታው ሊያናድደው ይችላል፤ ምስሉንም የመልቀቁ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት ሌላ ሰው ይወቅ፤ የምስሉ የቁጥር አሻራም ቀድሞ ይሠራ። "ነይና ፊትሽ አጠፋዋለሁ" ካለ አትሂዱ። ብቻችሁንም ሆነ ከጓደኛ ጋር አትሂዱ። ይህ በቀጥታ የፖሊስ ጉዳይ ነው። ማንነቱና አድራሻው ስለሚታወቅ ክሱም ከባዕዱ አጭበርባሪ ይልቅ ይቀላል።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ "በሽማግሌ ይለቅ፣ ስማችን ይጠፋል" ይላል። ሽምግልናው አንዳንዴ ይሠራል፤ በተለይ የአስፈራሪው እናት ከሰማች። የእኔ አስተያየት ግን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ማስረጃው ተሟልቶ ከቤት ውጭ ይቀመጥ ነው። ሽማግሌ ፊት ጋለሪውን ከፍቶ ቢያጠፋም ያው ምስል ጉግል ፎቶስ ላይ፣ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ውስጥ፣ በድሮው ስልኩ ላይ ሊኖር ይችላል። እነዚህን በስም ጠርታችሁ እንዲያሳይ ጠይቁት። "ሁሉንም አጥፍቻለሁ፣ ባሰራጭ በሕግ እጠየቃለሁ" ብሎ ይፈርም፤ ሽማግሌዎቹም ይፈርሙ። ዕርቁ ካለቀ በኋላ "አሁንማ አንቺም ስክሪን ሾቱን አጥፊ" የሚል ሰው አይጠፋም። አታጥፉ።